ባለ ስድስት ፎቅ የንግድ ሕንፃ ተቃጥሎብኛል፤ እሳቱ አንድ ፎቅ ላይ ነበር፣ ጉዳቱ ግን ሁሉም ጋ ደርሷል። ከየት ልጀምር?

ቁልፍ ያዥ (ጠያቂው) | ሰኞ ጠዋት

ጤና ይስጥልኝ። ባለ ስድስት ፎቅ የንግድ ሕንፃ አስተዳድራለሁ። ቅዳሜ ሌሊት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው የጨርቃ ጨርቅና የፕላስቲክ ዕቃ መጋዘን እሳት ተነሣ። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች አራት ሰዓት ያህል ታግለው አጥፍተውታል።

መጋዘኑ ነድዶ አልቋል። ከጎኑ ያሉት ሁለት ቢሮዎችም በከፊል ተቃጥለዋል። ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ያሉትን ፎቆች እሳት አልነካቸውም፤ ሆኖም ግድግዳውም፣ ኮርኒሱም፣ የኮምፒውተሩ ቁልፍ ሰሌዳ ሳይቀር ጥቁር ነገር ለብሷል። ከሁለተኛ ፎቅ ወደ ታች ያለው ደግሞ ርሷል። ቤዝመንቱ ውስጥ ውሃው ጉልበቴ ጋ ይደርሳል፤ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ክፍሉም እዚያው ነው።

ባለቤቱ «በሦስት ሳምንት ይከፈት» ብለዋል። ያመጡት ተቋራጭ የተቃጠለውን ልስን ልጦ፣ እንደገና ለስኖና ቀለም ቀብቶ ለማስረከብ ቃል ገብቷል። የቀን ሠራተኞች ዛሬ ማለዳ የሦስተኛ ፎቅን ፍርስራሽ ማውጣት ጀምረዋል፤ ሌሎቹ ላይኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ በእርጥብ ጨርቅ እየወለወሉ ነው። ተከራዮቼ በር ላይ ተሰልፈው «ዕቃችንን እናውጣ» ይላሉ። የእኔ ልብ ግን አልረጋም።

አርማታ | ሰኞ ጠዋት

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አካፋውን ያስጥሉልኝ፤ ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን። የመዋቅር መሐንዲስ ቆሞ ሳያይ ከሦስተኛ ፎቅ ምንም ነገር አይውጣ። ሠራተኞቹም ከዚያ ፎቅ ብቻ ሳይሆን ከላዩና ከሥሩ ካሉት ፎቆች ይውጡ።

ለእናንተ ቆሻሻ የሆነው ለእኛ ቴርሞሜትር ነው። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ መዳብ ግን ከ1080 በላይ ካልደረሰ ቅርጹን አይለቅም። የመስኮቱ ፍሬም ቀልጦ ወለል ላይ ተንጠባጥቦ፣ አጠገቡ ያለው የመዳብ ሽቦ ግን ሽቦ እንደሆነ ካገኘሁት፣ በዚያ ጥግ የነበረው ሙቀት ከየት እስከ የት እንደሆነ ያለ ምንም መሣሪያ ነገረኝ ማለት ነው። ፍርስራሹ ከተጫነ በኋላ ይህን የሚነግረኝ የለም።

ሁለተኛው ምስክር የኮንክሪቱ ቀለም ነው። ብዙ ዓይነት ጠጠር ያለበት ኮንክሪት ከ300 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሞቅ ቀላ ወደ ማለት፣ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ከ600 ሲያልፍ እንደ አመድ ይነጣል፤ እዚያ ከደረሰ ከጥንካሬው ግማሹ እንኳ አልቀረም። ጥንቃቄ የሚሻው ነገር አለ፦ ቀለሙን የሚሰጠው በአብዛኛው ጠጠሩ ስለሆነ፣ ሮዝ አልሆነም ማለት አልተጎዳም ማለት አይደለም። ለዚህ ነው በመዶሻ እየመቱ ማዳመጥና ከሶሌታው (ከፎቁ የኮንክሪት ወለል) እና ከኮለኑ (ከምሰሶው) ናሙና ቆርጦ ላቦራቶሪ መላክ የሚያስፈልገው። ተቋራጩ ልስን ከለሰነበት ግን ሁሉም ነገር ተቀበረ።

ደግሞ ክብደቱን ያስቡ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የቆመ አንድ ሴንቲ ሜትር ውሃ 10 ኪሎ ነው። 500 ካሬ ሜትር ወለል ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢተኛ 25 ቶን ይሆናል። ያልተቃጠለው የጨርቅ እስር ውሃ ጠጥቶ ስንት እጥፍ እንደከበደ እሱን አልቆጠርሁም። ያ ሁሉ የተቀመጠው በእሳት በተለበለበ ሶሌታ ላይ ነው።

ቁልፍ ያዥ | ሰኞ ጠዋት

አስቁሜያለሁ። ሁለት የጭነት መኪና ግን አስቀድሞ ሄዷል።

አርማታ | ሰኞ ጠዋት

የቀረው ይበቃናል። ከሁሉም ጥግ ፎቶ ያንሱ፤ ምን ከየት እንደተነሣ ሠራተኞቹ ሳይረሱት ይጻፉ። ከሥር ያለውን ሶሌታ በድጋፍ ምሰሶ እስክናስይዘው ድረስ እርስዎም እዚያ አይመላለሱ።

ጥቀርሻ ጠራጊ | ሰኞ ከቀትር በኋላ

እኔ ደግሞ ስለዚያ እርጥብ ጨርቅ ልናገር፤ ሳነበው እጄ ራስ ላይ ወጣ።

ጥቀርሻ ቅባትና ደቃቅ ከሰል ነው። በእርጥብ ጨርቅ ሲያሹት ግማሹ ወደ ቀለሙ ቀዳዳ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው የለም። ሥርዓቱ ደረቅ ቀድሞ፣ እርጥብ ተከትሎ ነው። በመጀመሪያ ደቃቅ አቧራን አምቆ በሚያስቀር ማጣሪያ በተገጠመለት መምጠጫ ማሽን ይሳባል። ቀጥሎ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ደረቅ የጎማ ስፖንጅ አለ፤ ከላይ ወደ ታች በአንድ አቅጣጫ ይጎተታል፤ ሲጠቁር ፊቱ ተቆርጦ ይጣላል። ሳሙናና ውሃ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሠራተኞቹ የመተንፈሻ ጭንብልና ጓንት ሳያደርጉ አይግቡ። ሕንፃው የቆየ ከሆነ ደግሞ ኮርኒሱና የቱቦው መጠቅለያ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) እንዳለበት ሳይመረመር አንድ ምስማር እንኳ አይነቀል።

አየር ማቀዝቀዣው ተዘግቷል? ካልተዘጋ አሁኑኑ ያዝጉት። በቱቦው ውስጥ ያለውን ጥቀርሻ ንጹሕ ወደ ቀረው ክፍል እያደለ ነው።

የተቃጠለው ፕላስቲክ ነው ብለዋል፤ ይህ ነገሩን ያከብደዋል። ፒቪሲ፣ ማለትም የኬብል ልባስና የቧንቧ ፕላስቲክ፣ ሲነድ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል። ሕንፃው በውሃ ርሷል፤ ስለዚህ አሲዱ ሥራ ላይ ነው። የበር እጀታውን፣ የቧንቧውን ራስ፣ የአሳንሰሩን ሐዲድ ነገ ጠዋት ይዩት፤ ዝገቱ ያለ ጥርጥር ጀምሯል። እሳቱ ቅዳሜ ጠፍቷል፤ ማቃጠሉ ግን አልቆመም። እርጥበቱን በቶሎ ካላወረዱ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ በየቀኑ ይበላል።

ቀልጣፋው | ሰኞ ማታ

ይቅርታ አድርጉልኝና እናንተ ሕንፃውን ልታድኑ ባለቤቱን ልትገድሉት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ። የተዘጋ ቀን ሁሉ ኪሳራ ነው፤ ተከራይ አንዴ ሄዶ ሌላ ቦታ ከተደላደለ አይመለስም። ጥቀርሻን የሚያፍን የዘይት ቀለም አለ፤ ሁለት እጅ ሲቀባ ጥቁሩም ሽታውም ይጠፋል። ላቦራቶሪ፣ ናሙና፣ ምርመራ እያሉ ወር ሲፈጁ ባለቤቱ ባንክ ደጅ ላይ ይቆማል።

ጥቀርሻ ጠራጊ | ሰኞ ማታ

ቀለሙን አውቀዋለሁ፤ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ከታጠበ በኋላ። ሳይታጠብ ከተቀባ የመጀመሪያው ሙቀት ሲመጣ ሽታው ተመልሶ ይወጣል፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ ከተቀባ ደግሞ እንደ ቁስል ቋጥሮ ይላጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ስለ ተከራዩ የተናገሩት ግን እውነት ነው፤ አልክድዎትም። መፍትሔው ሕንፃውን እንደ አንድ ነገር አለማየት ነው፤ ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ የውሃ ጉዳት ብቻ ካላቸው እነሱን በላስቲክ መጋረጃ ለይቶ አድርቆ ቀድሞ መክፈት ይቻላል፤ መሐንዲሱ ከፈቀደ።

ሦስት ፌዝ | ሰኞ ማታ

ማንም እስካሁን ስለ ቤዝመንቱ አልተናገረም፤ ይገርማል። ቁልፍ ያዥ፣ ያ ውሃ ውስጥ ገብተው ነው ጉልበት ጋ መድረሱን የለኩት?

ቁልፍ ያዥ | ሰኞ ማታ

አዎ። ዋናው መብራት ተቋርጦ ነበር።

ሦስት ፌዝ | ሰኞ ማታ

ዋናው ቢቋረጥም ጄኔሬተሩ በራሱ የሚነሣ ነው ወይ? የኮምፒውተር ክፍሉ ባትሪስ? ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ካለ እሱስ? እነዚህ ሁሉ ዋናው ጠፍቶም ኃይል ይሰጣሉ። ሁለተኛ እንዳይገቡ። ሁሉም ምንጭ ተለያይቶ፣ ተቆልፎ፣ በመለኪያ ከተረጋገጠ በኋላ ነው ፓምፕ የሚገባው። ፓምፑም የራሱ ጄኔሬተር ከውጭ ይኑረው። የሚወጣው ውሃ አሲድ፣ ቅባትና አመድ የያዘ ስለሆነ የከተማውን የፍሳሽ ክፍል ሳይጠይቁ ወደ ቦይ አይልቀቁት።

ውሃ የጠጣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ መከላከያና ማከፋፈያ ሰሌዳ ደርቆ ቢሠራም አይታመንም፤ አደጋ ሲመጣ የሚያቋርጠው ክፍል ውስጡ ዝጎ ላይንቀሳቀስ ይችላል። እነዚህ ይቀየራሉ፤ ክርክር የለበትም። ትልልቅ ሞተሮችንና ትራንስፎርመሮችን ግን በባለሙያ ተፈትተው፣ ታጥበውና ደርቀው፣ የመከላከያ ልባሳቸው ተለክቶ ማዳን ይቻላል። ሦስተኛ ፎቅን አቋርጦ ወደ ላይ የሚወጣው ኬብል ላዩ ደህና ቢመስልም ሙቀት ካገኘው ልባሱ ይደርቃልና ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካ።

አሳንሰሩን ማንም አይጥራው። ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ሊሆን ይችላል።

ተከራይ ነኝ | ማክሰኞ ጠዋት

የዚህ ሕንፃ ተከራይ ባልሆንም ከዓመታት በፊት እንዲሁ ተቃጥሎብን በር ላይ ከቆሙት አንዱ ነበርሁና ልንገራችሁ። ያን ጊዜ እኛ ፎቅ እሳት ስላልደረሰ ኮምፒውተሮቹን አውጥተን፣ በጨርቅ ጠርገን፣ ቤታችን ወስደን አበራናቸው። ሁሉም ሠሩ! ደስ አለን። በሁለተኛው ወር ተራ በተራ ሞቱ። ወረቀቶቻችንንስ? ፀሐይ ላይ ዘርግተን ደረቁ፤ ግን እንደ ጣውላ ተጣብቀው፣ ሻጋታ በልቷቸው።

ጥቀርሻ ጠራጊ | ማክሰኞ ጠዋት

አዝናለሁ። የሞቱት በዚያው አሲድ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ከጭስ ሲወጣ አይበራም፤ ባትሪው ይነቀላል፤ እርጥበቱ ከ40 በመቶ በታች ወደሆነ ክፍል ይገባል። ዝገቱ እዚያ ስለሚያዘግም ጊዜ ይገኛል። ከዚያ ባለሙያ ሰሌዳውን ማዕድን በተለየበት ውሃ ያጥበዋል። አዎ፣ በውሃ! ሰዎች ይደነግጣሉ፤ የሚገድለው ግን ውሃው ሳይሆን በውሃው ውስጥ ያለው ጨውና የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው።

ወረቀት ከሆነ ደግሞ ያቀዝቅዙት። በ48 ሰዓት ውስጥ በረዶ ቤት የገባ ሰነድ ሻጋታ አይነካውም፤ ቀለሙም አይፈስም። ከዚያ በኋላ በረዶው ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ተን እንዲለወጥ በሚያደርግ፣ አየሩ ተስቦ በወጣለት ክፍል ውስጥ ይደርቃል። ሁሉንም ሳይሆን ውልና የሒሳብ መዝገብ የመሳሰለውን ይለዩ፤ ካልሆነ ወጪው አይቻልም።

መዝጋቢዋ | ማክሰኞ ከቀትር በፊት

በመድን ጉዳት ግምት ላይ እሠራለሁ። ሦስት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቀዋል? ተቋራጭ ከመዋዋል በፊት መቅደም ያለበት እሱ ነበር። ሁለተኛ፣ «ገማች እስኪመጣ አልነካም» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም ያስቀጣል፤ ጉዳቱ እንዳይባባስ መከላከል የመድን ገቢው ግዴታ ነው። ውሃ መምጠጥ፣ የተሰበረ መስኮት መሸፈን፣ ማድረቅ ይፈቀዳል፤ ፎቶ ተነሥቶ፣ ደረሰኝ ተይዞ። ማስወገድ ግን ሌላ ነው። የሚጣል ምንጣፍ ቢሆን እንኳ ቁራጩን ያስቀሩ። ሦስተኛ፣ ውልዎ የሥራ መቋረጥ ሽፋን (ሕንፃው ተዘግቶ ሳለ የሚቀረውን ገቢ የሚከፍል) ካለው፣ የሚከፍለው እስከ ስንት ወር እንደሆነ ዛሬ ያንብቡት። ባለቤቱን የሚያስቸኩላቸው እሱ ከሆነ፣ ምናልባት ያን ያህል መቸኮል አያስፈልጋቸውም።

ቁልፍ ያዥ | ማክሰኞ ማታ

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽፋኑ አለ፤ አሥራ ሁለት ወር ነው። ባለቤቱ ራሳቸው አላወቁትም ነበር። ሲሰሙ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

መሐንዲስ ነገ ይመጣል። አንድ ያልገባኝ ነገር፦ እሳቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተወስኖ ሳለ ስድስተኛ ፎቅ እንዴት ይህን ያህል ጠቆረ? የደረጃው በሮች ተዘግተው ነበር።

አርማታ | ማክሰኞ ማታ

ውሃው ቤዝመንት የገባው በየት ነው? ይህን ሲያገኙ ያንንም ያገኙታል።

ቁልፍ ያዥ | ረቡዕ ቀትር

አገኘሁት። ከመጸዳጃ ቤቶቹ ጎን የቧንቧና የኬብል መተላለፊያ ጉድጓድ አለ፤ ከቤዝመንት እስከ ጣሪያ። በየፎቁ ኬብሉ ሶሌታውን የሚያልፍበት ቀዳዳ ጭንቅላቴን ያስገባል። በየጊዜው ኢንተርኔትና ስልክ የሚዘረጉ ሰዎች ቆፍረው ሳይደፍኑ የሄዱበት ነው። ጭሱ በእሱ ሽቅብ፣ ውሃው በእሱ ቁልቁል።

አርማታ | ረቡዕ ቀትር

እነሆ። ሕንፃው ዳግም ሲሠራ የመጀመሪያው የዕቃ ዝርዝር ውስጥ እሳት የሚያቆም መድፈኛ ይግባ፤ በየፎቁ። ተራ ፎም አይደለም፤ ተራ ፎም ራሱ ማገዶ ነው።

መዝገብ አገላባጭ | ረቡዕ ማታ

ለማነጻጸር ያህል ሁለት ከፍተኛ ሕንፃዎችን ላንሣ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1988 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ባለ 62 ፎቁ የፈርስት ኢንተርስቴት ባንክ ሕንፃ 12ኛ ፎቅ ላይ ተነሥቶ አምስት ፎቆችን የበላ እሳት ነበር። የውሃ መርጫው (እሳት ሲነሣ ከኮርኒስ በራሱ ውሃ የሚረጨው) ተዘርግቶ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ሳለ ቫልቮቹ ተዘግተው ነበር። ሆኖም የብረት መዋቅሩ እሳት መከላከያው በደንብ የተለጠፈበት ስለነበር ዋናው አካል አልተጎዳም፤ ተጠግኖ እስከ ዛሬ ቆሟል።

እ.ኤ.አ. የካቲት 1991 ፊላደልፊያ ውስጥ የዋን ሜሪዲያን ፕላዛ 22ኛ ፎቅ ላይ የተልባ ዘይት ከጠጣ ጨርቅ እሳት ተነሣ። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱበት። የቆመው 30ኛ ፎቅ ሲደርስ ነው፤ ያቆሙትም 10 የውሃ መርጫ ራሶች ናቸው። ሕንፃው ለዓመታት ባዶውን ቆሞ እ.ኤ.አ. 1999 ፈረሰ።

ቀልጣፋው | ረቡዕ ማታ

10 ራሶች! የአንድ ፎቅ እሳት ለማጥፋት በቧንቧ የሚፈሰውን ውሃ አስቡት። አንዱ ቧንቧ በደቂቃ 400 ሊትር ቢያፈስስ፣ አምስት ቧንቧ ለሦስት ሰዓት 360 ሺህ ሊትር ነው። መርጫ ቢኖር የቁልፍ ያዥ ቤዝመንት ይህን አያይም ነበር። ይህን ለባለቤቱ ይንገሩልኝ።

ባለፈው ስለ ቀለም በሰማሁት ቅሬታ የለኝም። በምላሹ ከእኔ አንድ ነገር ውሰዱ፦ የብሎኬት ግድግዳ ሆዱ ባዶ ነው። ውጭው ደርቆ ውስጡ ውሃ እንደ ጋን ይዞ ለወራት ይቀመጣል። በታችኛው ረድፍ በየብሎኬቱ ሆድ ቀዳዳ ብሱና ሲፈስ ታያላችሁ። የጂፕሰም ግድግዳ ደግሞ ውሃን ሽቅብ ይስባልና ውሃው ከደረሰበት ምልክት በላይ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ይጣላል፤ ውስጡ ያለው ጥጥም አብሮ።

ቁልፍ ያዥ | ከአሥራ አንድ ሳምንት በኋላ

የሆነውን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው በግል መልእክት ጠይቆኛል።

ከመጋዘኑ በላይ ያለው ሶሌታ በግማሹ ተቆርጦ እንደገና ተሞላ። ሁለት ኮለኖች ልጣጫቸው ተነሥቶ አዲስ ብረትና ኮንክሪት ለበሱ። ያልታሰበው ነገር፣ ደህና ነው ያልነው አንድ ቢም በአራተኛው ሳምንት ተሰነጠቀ። መሐንዲሱ ሲያስረዳኝ፣ ከ400 ዲግሪ በላይ የሞቀ ሲሚንቶ ውስጡ ያለው ኖራ ውሃውን ያጣና ከቀዘቀዘ በኋላ ከአየር እርጥበት ስቦ ያብጣል። ተቋራጩ በሦስት ሳምንት አስረክቦ ቢሆን ኖሮ ያ ስንጥቅ የሚወጣው ቀለም በተቀባ ኮርኒስ ላይ፣ ሰው በሞላበት ሱቅ አናት ላይ ነበር።

ማድረቁ አምስት ሳምንት ወሰደ። መጀመሪያ ማራገቢያ ብቻ ደርድረን ነበር፤ እርጥበቱን ከግድግዳ አንሥቶ ወደ ኮርኒስ ከማዘዋወር በቀር የፈየደው የለም። እርጥበት መምጠጫ ማሽን ጎን ለጎን ሲገባ ነው መለኪያው መውረድ የጀመረው። ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ በሰባተኛው ሳምንት ተከፈቱ። ብሎኬቱን ስንበሳ ከአንድ ግድግዳ ብቻ አራት ባልዲ ውሃ ወጣ፤ ቀልጣፋው ይመስገን። የውሃ መርጫው ውል ተፈርሟል።

አንድ ችግር ቀርቶኛል። አምስተኛ ፎቅ ምሥራቁ ክፍል ታጥቧል፣ ተቀብቷል፤ ጠዋት ምንም የለም፤ ከቀትር በኋላ ግን ሽታው ይመለሳል።

ጥቀርሻ ጠራጊ | በዚያው ዕለት

ከቀትር በኋላ የሚሞቀው ነገር ምንድን ነው? ከኮርኒሱ በላይ ገብተው ይዩ፤ የአየር ቱቦው የተጠቀለለበት ጥጥ አልተቀየረም መሰለኝ። ቱቦውን ማጠብ ብቻ አይበቃም።

ቁልፍ ያዥ | ከሁለት ቀን በኋላ

እሱ ነው። ጥጡ ላዩ ብር የሚመስል ወረቀት ስላለበት ንጹሕ መስሎን አልፈነው ነበር፤ ቀድደን ስናየው ውስጡ ከሰል ነው። ስድስት ጆንያ ወጣ። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት፣ ክፍሉ ሲሞቅ፣ በሩን ዘግቼ መሰላል ላይ ወጥቼ አሸተትሁ። የአዲስ ሲሚንቶ ሽታ ብቻ ነው ያለው።